የአርቪ ሶላር በትንሽ ገንዘብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ ብርድ ሲገባ ከሰሜን የሚወርዱ አርቪዎች (መኝታና ማብሰያ ያላቸው፣ የሚኖርባቸው መኪኖች) እና ካምፐር ቫኖች አሪዞና በረሃ ውስጥ ኳርትዛይት የምትባል ትንሽ ከተማ ዳር ይሰፍራሉ። ቦታው የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ነው፤ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ላለው ወቅት 180 ዶላር ሲያስከፍል ቆይቷል። መኪናው የሚሰካበት መብራት ግን የለም፣ ሁሉም የራሱን ይዞ ይመጣል። ከእኛም ሰው አሮጌ ቫን ገዝቶ፣ አልጋና የጋዝ ምድጃ ገጥሞ፣ «ጣሪያው ላይ ሁለት ሶላር ጣል አድርጌበት እገላገላለሁ» የሚል አይጠፋም። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። ዛሬ ፓነል ረክሷል። ገንዘብ መቀመጥ ያለበት ለባትሪው፣ ለሽቦውና ለፊውዙ ነው።

«መጀመሪያ ስንት ፓነል ልግዛ?»

ጥያቄው ራሱ የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ የሚቆጠረው በቀን የምትጨርሱት ነው። ለአንድ ቫን የሚሆን መጠነኛ ሂሳብ እነሆ፦ ባለ ኮምፕረሰር የ12 ቮልት ፍሪጅ በቀን 450 ዋት ሰዓት (ዋቱ በሚሠራበት ሰዓት ሲባዛ) ገደማ፣ 20 ዋት ማራገቢያ ለ8 ሰዓት 160፣ መብራት 50፣ ሁለት ስልክ 30፣ ላፕቶፕ ለ3 ሰዓት 180። ድምሩ 870 ዋት ሰዓት ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፣ እንመለስበታለን።

«100 ዋት ፓነል 100 ዋት ይሰጣል»

100 ዋት የተባለው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፦ በካሬ ሜትር 1,000 ዋት ብርሃን እያረፈበት፣ የፓነሉ ሙቀት 25 ዲግሪ ሆኖ። ጣሪያ ላይ ተጋድሞ እኩለ ቀን ላይ ከ60 እስከ 80 ዋት ከሰጠ ደህና ነው።

ብዙ ሰው «በረሃ ነው፣ ያቃጥላል፣ ኃይሉም ይጨምራል» ብሎ ያስባል። ፓነል ብርሃን እንጂ ሙቀት አይወድም። ከ25 በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ገደማ ያጣል። የአሪዞና ጣሪያ ላይ 65 ዲግሪ ሲደርስ ከ12 እስከ 16 በመቶው እዚያው ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ከፓነሉ ሥር አየር የሚያልፍበት ጥቂት ሴንቲሜትር ክፍተት ተዉ። ጣሪያ ላይ በማጣበቂያ የሚለጠፉት ተጣጣፊ ፓነሎች ያምራሉ፣ ይቀላሉም፤ አየር ስለማያገኙ ግን ይግላሉ፣ ዕድሜያቸውም ያጥራል። በእኔ ገንዘብ አልገዛቸውም።

ሌላው የፀሐይዋ ከፍታ ነው። አገር ቤት ያደገ ሰው ፀሐይን ሁሌም ከአናቱ በላይ ይጠብቃታል። ዲሴምበር መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ እኩለ ቀን ፀሐይዋ 58 ዲግሪ ገደማ ላይ ስትሆን ኳርትዛይት ላይ ከ33 አታልፍም። የተጋደመ ፓነል በቀጥታ ከሚመጣው ብርሃን የሚያገኘው ከግማሽ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። ጠርዙን አንስቶ ወደ ደቡብ ማዘንበል የሚያዋጣው ለዚህ ነው። ሳይዘነብል ሁለት ባለ 100 ዋት ፓነል በዲሴምበር አሪዞና በቀን 500 ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል፣ በጁን ከእጥፍ በላይ። ሰሜን ያለችው ደመናማዋ ሲያትል ከሆናችሁ በዲሴምበር 150 እንኳ ላይሞላ ይችላል። ከላይ 870 ያልነውን አስታውሱ።

«ትንሽ ጥላ ምን ያደርጋል?»

ብዙ ያደርጋል። በፓነሉ ውስጥ ያሉት ሴሎች እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ሰዎች በተከታታይ የተገጠሙ ናቸው፤ አንዱ ሲቆም ሌሎቹን ይዞ ይቆማል። ፓነሉ ውስጥ ያለው ዳዮድ የሚባል ትንሽ ዕቃ ጥላ የመታውን ክፍል ቆርጦ ቀሪውን ያድናል፣ ብዙ ጊዜ ግን የሚቆረጠው ግማሽ ፓነል ነው። የጣሪያ ኤሲ፣ የአየር ማስወጫ ክዳን፣ አንቴና ጠዋትና ማታ ረጅም ጥላ ስለሚጥሉ ቦታውን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወጥታችሁ ምረጡ። ጣሪያው ከተጨናነቀ ፓነሎቹን በተከታታይ ሳይሆን ጎን ለጎን፣ ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ ጋር አያያዙ። ወይም አንዱን ፓነል ጣሪያ ላይ ሳትሰቅሉ በ10 ሜትር ገመድ መሬት ላይ አውጡት፤ ቫኑ ዛፍ ሥር፣ ፓነሉ ፀሐይ ላይ ይሆናል።

«ውዱ ኮንትሮለር ሁልጊዜ ይበልጣል»

በፓነሉና በባትሪው መካከል ሆኖ አሞላሉን የሚቆጣጠረው ቻርጅ ኮንትሮለር ሁለት ዓይነት ነው፦ ርካሹ ፒደብሊውኤም (PWM)፣ ውዱ ደግሞ የፓነሉን ትርፍ ቮልት ወደ አምፔር የሚቀይረው ኤምፒፒቲ (MPPT)። «12 ቮልት» የሚባለው ባለ 100 ዋት ፓነል በእርግጥ የሚሠራው በ18 ቮልትና በ5.5 አምፔር አካባቢ ነው። ፒደብሊውኤም ፓነሉን ወደ ባትሪው ቮልት ይጎትተዋል፤ 5.5 አምፔር በባትሪው 13 ቮልት ሲባዛ 72 ዋት። ቀሪው አይገኝም። ያም ሆኖ አንድ ወይም ሁለት ትንንሽ ፓነል ላለው ሰው ርካሹን ገዝቶ በተረፈው ገንዘብ ፓነል መጨመር ያዋጣዋል። ያገለገለ የቤት ጣሪያ ፓነል በርካሽ ካገኛችሁ ግን ነገሩ ይለወጣል። 250 ዋት፣ 30 ቮልት፣ 8.3 አምፔር ያለው ፓነል በፒደብሊውኤም 108 ዋት ብቻ ይሆናል። እዚያ ላይ ኤምፒፒቲ ግዴታ ነው።

«ባትሪ ባትሪ ነው»

የመኪና ማስነሻ ባትሪ ለሰከንዶች ብዙ ኃይል እንዲሰጥ የተሠራ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ፍሪጅ ከነዳ በወራት ይሞታል። ለዚህ ሥራ የተሠራው የእርሳስ ባትሪም ቢሆን ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል። 100 አምፔር ሰዓት (በ12 ቮልት ሲባዛ 1,200 ዋት ሰዓት) ብላችሁ የምትገዙት 50 ነው ማለት ነው፣ ክብደቱ ደግሞ 30 ኪሎ ገደማ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው የባትሪ ዓይነት ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይሰጣል፣ ክብደቱም ከግማሽ በታች ነው። ዋጋውም በጣም ወርዷል።

ግን ከ0 ዲግሪ በታች ሊቲየም መሙላት ባትሪውን ለዘለቄታው ይጎዳዋል። እንደ ዴንቨር ብርዳማ ቦታ ያላችሁ ይህ ይመለከታችኋል። ስትገዙ በብርድ ራሱን የሚዘጋ መከላከያ እንዳለው ጠይቁ፤ በጣም ርካሾቹ ላይኖራቸው ይችላል። ባትሪውን ደግሞ ከውጭ ሳይሆን እናንተ የምትተኙበት ክፍል ውስጥ አስቀምጡት።

«ኢንቨርተር ትልቅ ሲሆን ይሻላል»

ኢንቨርተር የባትሪውን 12 ቮልት እንደ ቤት መብራት የሚያደርግ ዕቃ ነው። ባለ 2,000 ዋቱ ምንም ሳይሰካበት፣ እንደበራ ብቻ፣ ከ15 እስከ 20 ዋት ይበላል። በ24 ሰዓት ከ360 እስከ 480 ዋት ሰዓት፤ ሁለቱ ፓነሎች በዲሴምበር የሚያስገቡትን ሊጨርሰው ትንሽ ነው የቀረው። ፍሪጅ፣ መብራት፣ ማራገቢያ፣ ስልክ፣ አሁን አሁን ላፕቶፕም በቀጥታ ከ12 ቮልት ይሠራሉ። ኢንቨርተሩ ሲያስፈልግ ይብራ፣ ሲጨርስ ይጥፋ።

«ምጣዱስ?» የሚል ጥያቄ መቼም አይቀርም። በአሜሪካ የቤት ሶኬት ላይ የሚሰካ ምጣድ 1,500 ዋት ቢሆን 100 አምፔር ሰዓት ያለውን ሊቲየም በ45 ደቂቃ ያራግፈዋል። ከባትሪው የሚወጣውም 130 አምፔር አካባቢ ስለሆነ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ገመድ ይጠይቃል። እንጀራውን ጋግራችሁ ውጡ። ወጡና ጀበናው በጋዝ ይሠራሉ።

«በሶላር ኤሲ እንነዳለን»

በትንሽ ገንዘብ አይሆንም። የጣሪያ ኤሲ ሲሠራ ከ1,200 እስከ 1,500 ዋት ይጠጣል። ሙቀት ሲበረታ መኪናውን ማንቀሳቀስ ይሻላል፦ ፍላግስታፍ በ2,100 ሜትር ላይ ናት፣ ከአዲስ አበባ ጥቂት ዝቅ ብላ። ጎማ የተገጠመለት ቤት ጥቅሙ ይኼው አይደል?

«ሽቦ ሽቦ ነው፣ ፊውዝ ትርፍ ወጪ ነው»

ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቅሬታ «ባትሪዬ አልጨረሰም፣ ፍሪጄ ግን ሌሊት ይጠፋል» ነው። ፍሪጁ ከባትሪው 6 ሜትር ይርቃል እንበል። ኤሌክትሪክ ሄዶ ስለሚመለስ 12 ሜትር ይቆጠራል። በቀጭኑ 16 ጌጅ (የሽቦ ውፍረት መለኪያ) ሽቦ 5 አምፔር ሲያልፍ መንገድ ላይ 0.8 ቮልት ገደማ ይቀራል። ባትሪው ሌሊት 12.1 ላይ ከሆነ ፍሪጁ ጋ የሚደርሰው 11.3 ነው፤ የፍሪጁ የባትሪ መከላከያ «ከፍተኛ» ላይ ከተደረገ ሊዘጋ ይችላል። በብዙ ባለ 12 ቮልት ፍሪጆች ውስጥ ባለው የዳንፎስ ኮምፕረሰር ላይ ቀይዋ መብራት አንዴ አንዴ ብልጭ ካለች የምትናገረው ይህንኑ ነው። ሽቦውን 10 ጌጅ ብታደርጉት የሚጠፋው 0.2 ቮልት ብቻ ይሆናል። በአሜሪካ የጌጅ አቆጣጠር ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ሽቦው እንደሚቀጥን ልብ በሉ፤ 16 ከ10 ይወፍራል ብሎ የገዛ ሰው ጥቂት አይደለም።

ፊውዝ ደግሞ ዕቃውን ለመጠበቅ ይመስላል፤ ዋና ሥራው ግን ሽቦውን ማዳን ነው። የሊቲየም ባትሪ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ በስህተት ሲገናኙ የሚለቀው ኃይል ቀጭን ሽቦን አግሎ ሽፋኑን ያነድዳል፣ ቫን ውስጥ ደግሞ ከአልጋው እስከ ግድግዳው የሚነድ ነገር ነው። ስለዚህ የፊውዙ መጠን በሽቦው ልክ ይመረጣል፣ ቦታውም የባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ነው። የአሜሪካ የጀልባ ደረጃ 18 ሴንቲሜትር ይላል፣ ለቫንም ጥሩ መለኪያ ነው። ስትገጥሙ መጀመሪያ ባትሪውን ከኮንትሮለሩ ጋር፣ ከዚያ ፓነሉን አያያዙ፤ ስትፈቱ በተቃራኒው።

«ሶላር ካለ ከሞተሩ መሙላት አያስፈልግም»

870 ጨርሰን 500 ብቻ ስናስገባ የጎደለው 370 ከየት ይመጣል? ከዲናሞው። 30 አምፔር የሚሰጥ ከዲሲ ወደ ዲሲ ቻርጀር (ከዲናሞው የሚመጣውን ኃይል መጥኖ ለቤቱ ባትሪ የሚያስተላልፍ) ሁለት ሰዓት ስትነዱ 60 አምፔር ሰዓት፣ ወደ 750 ዋት ሰዓት ይመልሳል። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ለሚንቀሳቀስ ሰው ከሦስተኛ ፓነል በፊት ይህን እመክራለሁ። ሊቲየምን ከዲናሞው ጋር በቀጥታ ማያያዝ ግን አይገባም፤ ባትሪው ያለገደብ ስለሚስብ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ዲናሞው ሊቃጠል ይችላል።

«መንግሥት 30 በመቶውን ይመልሳል»

ይመልስ ነበር። መኝታ፣ ማብሰያና ሽንት ቤት ያለው አርቪ እንደ ሁለተኛ ቤት ተቆጥሮ ለሶላሩ የፌዴራል ታክስ ቅናሽ ሊያገኝ ይችል ነበር። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ግን ከዲሴምበር 31 ቀን 2025 በኋላ ለሚወጣ ወጪ ቅናሹን አስቀርቷል። ሻጩ ዛሬም 30 በመቶውን ቀንሶ ዋጋ ከነገራችሁ ሙሉውን ጠይቁት።