በአንድ ደብዳቤ የወረደ መንግሥት፦ የአውስትራሊያ የ1975 ሽረት

ወታደር አልወጣም፣ ጥይት አልተተኮሰም። የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ጎፍ ዊትላም ከሥልጣን የተነሱት በእጃቸው በተሰጣቸው ደብዳቤ ነው። ቀኑ ኖቬምበር 11 ቀን 1975፣ በእኛ ኅዳር 1 ቀን 1968 ዓ.ም. ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዊትላም የሌበር ፓርቲ መሪ ነበሩ። ፓርቲያቸው 23 ዓመት በተቃዋሚነት ከቆየ በኋላ በ1972 አሸነፈ፤ በ1974 ደግሞ ደገመው። ብሔራዊ ውትድርናን አስቀሩ፣ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ አነሱ፣ ሜዲባንክ የተባለውን የጤና መድን ጀመሩ። ችኮላቸው ግን ጣጣ አመጣ። ኑሮ ተወደደ። አንድ ሚኒስትራቸው በደላላ በኩል 4 ቢሊዮን ዶላር ሊበደር ሲሞክር ነገሩ ቅሌት ሆነ።

ይህን ያየው የማልኮልም ፍሬዘር ተቃዋሚ ቡድን ኦክቶበር 1975 ላይ በጀቱን በላይኛው ምክር ቤት፣ በሴኔቱ፣ ሳያጸድቅ ያዘው፤ በጀት ካልጸደቀ ደግሞ መንግሥት ገንዘብ ያልቅበታል። የያዘበት ብልጫ ራሱ አነጋጋሪ ነው። አንድ የሌበር ሴኔተር ሲሞቱ የኩዊንስላንድ ክልል በቦታቸው የላከው ዊትላምን የሚቃወም ሰው ነበር። ፓርቲው ያቀረበው ዕጩ ይተካል የሚለው ነገር ልማድ እንጂ ሕግ አልነበረም።

የአውስትራሊያም ርእሰ ብሔር የነበሩት የብሪታንያዋ ንግሥት ኤልሳቤጥ እንደራሴ፣ ማለትም ጠቅላይ ገዥው ጆን ከር፣ ለቦታው የታጩት በራሳቸው በዊትላም ነው። ዊትላምም «የኔ ሰው ነው» ብለው ሳይዘናጉ አልቀሩም። ከር በበኩላቸው ልሽርዎ ነው ብዬ ቀድሜ ብነግራቸው ንግሥቲቱን ጠይቀው እኔኑ ያሽሩኛል ብለው ሰጉ። ዊትላም ሳያውቁ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ዋና ዳኛ አማከሩ።

በዕለቱ ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ዊትላም የሴኔት ምርጫ ለመጠየቅ ወደ ከር ቤት ሄዱ። ፍሬዘር ቀድመው ደርሰው ሌላ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል፤ መኪናቸውም እንዳይታይ ዞር ተደርጓል። ዊትላም ደብዳቤውን ተቀብለው ወጡ። ፍሬዘር ገብተው የጠቅላይ ሚኒስትርነት ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

ከዚያ ዊትላም ምን አደረጉ? ቤታቸው ሄደው ምሳ በሉ። ለሴኔት አባሎቻቸው ማንም ሳይነግራቸው ቀረ። እነሱም መንግሥታቸው መውረዱን ሳያውቁ በጀቱን አብረው አጸደቁ፤ ገንዘቡ ለፍሬዘር ሆነ። እኔ ከቀኑ ውሎ ሁሉ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

የተወካዮች ምክር ቤቱ 64 ለ54 በሆነ ድምፅ በፍሬዘር ላይ እምነት እንደሌለው ወሰነ። አፈ ጉባኤው ይህንኑ ሊያደርሱ ቢሄዱም ከር ወዲያው አልተቀበሏቸውም። ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ የከር ጸሐፊ ምክር ቤቱ መበተኑን ከፓርላማው ደጃፍ አነበቡ፤ በልማዱም «እግዚአብሔር ንግሥቲቱን ያድን» ብለው ዘጉ። ከኋላቸው የቆሙት ዊትላም ማይክሮፎኑን ያዙና እግዚአብሔር ንግሥቲቱን ያድን ማለቱስ ይሁን፣ ጠቅላይ ገዥውን የሚያድን ግን የለም አሉ።

ሕዝቡ ግን በዲሴምበሩ ምርጫ ከ127 መቀመጫ 91ዱን ለፍሬዘር ወገን ሰጠ። ታዲያ ሽረቱ ጸደቀ ማለት ነው? ለእኔ አይደለም። ሕዝብ የተጠየቀው ማን ይምራህ ተብሎ ነው፤ ያልተመረጠ ሰው የተመረጠን ይሻር ወይ ብሎ የጠየቀው የለም።

የአውስትራሊያ ሕገ መንግሥት ውስጥ «ጠቅላይ ሚኒስትር» የሚል ቃል የለም። ሚኒስትሮች በጠቅላይ ገዥው ፈቃድ ይቆያሉ ይላል፤ የቀረው ልማድ ነው። በ1977 በሕዝበ ውሳኔ አንዷ ቀዳዳ ተደፈነች፤ የጎደለ ሴኔተር ከራሱ ፓርቲ እንዲተካ ተደነገገ። በ2020 ደግሞ አንዲት የታሪክ ምሁር ፍርድ ቤት ቆመው ካሸነፉ በኋላ የከርና የቤተ መንግሥቱ ደብዳቤዎች ይፋ ሆኑ። ከር ለንግሥቲቱ አስቀድመው ያልነገሩት ባያውቁ ይሻላል ብለው እንደሆነ በዚያው ጽፈዋል።

ዊትላምና ፍሬዘር ኋላ ታረቁ። በ1999 አገሪቱ ሪፐብሊክ ትሁን ብለው አብረው ቀሰቀሱ፤ ሕዝቡ አልተቀበለውም። ሴኔቱ በጀት የሚይዝበትም ሆነ ጠቅላይ ገዥው የሚሽርበት ሥልጣን ዛሬም እንደተጻፈ አለ።