ስለ ሻንጋይ እና ስለ ጥንታዊቷ የውኃ ከተማ ጁጂያጂያኦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሻንጋይ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በቺንግፑ ወረዳ የምትገኘው ጁጂያጂያኦ በወንዝና በቦዮች ዳር የተቆረቆረች ጥንታዊ ከተማ ናት። ሻንጋይን የሚጎበኙ ብዙ መንገደኞች እርሷንም አይተው ይመለሳሉ፤ ስለ ሁለቱም ከጉዞው በፊት ከሚሰማው ወሬ ግን እርማት የሚያስፈልገው ጥቂት አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት ሻንጋይ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች»

ይህ እጅግ የተስፋፋ፣ የከተማዋንም ነባር ታሪክ የሚያሳንስ ስሕተት ነው። ሻንጋይ የራሷ አስተዳደር ያላት የአውራጃ ከተማ የሆነችው በ1292 ሲሆን፣ በ1553 ደግሞ ከባሕር ወንበዴዎች ለመከላከል ዙሪያዋን በግንብ ታጠረች። በአካባቢው የሚመረተው ጥጥና ከእርሱ የሚሸመነው ጨርቅ ወደ ሌሎች የቻይና ክፍሎች ይጫን የነበረውም ከወደቧ ነው። ቻይና በኦፒየም ጦርነት በብሪታንያ ከተሸነፈች በኋላ በ1842 የተፈረመው የናንጂንግ ውል ወደቧን ለውጭ ነጋዴዎች በግድ አስከፈተ እንጂ ከተማዋን አልፈጠረም። ግንቡ ከ1912 ጀምሮ ቢፈርስም፣ በቦታው የተተኩት የሬንሚን እና የጆንግሁዋ ጎዳናዎች አሮጌውን ከተማ ዛሬም እንደ ቀለበት ስለሚከቡት፣ ካርታ የዘረጋ ሰው የግንቡን መሥመር በጣቱ ሊከተለው ይችላል።

«ፑዶንግ እስከ 1990 ድረስ ባዶ ሜዳ ነበር»

ከሁዋንግፑ ወንዝ በስተምሥራቅ በሚገኘው በዚህ የሻንጋይ ክፍል የእርሻ መሬት መብዛቱ እውነት ነው። ሆኖም በወንዙ ዳር የመርከብ መሥሪያዎች፣ መጋዘኖችና የመኖሪያ ሰፈሮች ነበሩ፤ 632 ሜትር ከፍታ ያለው ሻንጋይ ታወር የቆመበት ሉጂያዙይም ሰው ያልኖረበት አካባቢ አልነበረም።

«የውኃ ከተማ ጸጥ ያለች የገጠር መንደር ናት»

ጁጂያጂያኦ የደራች የገበያ ከተማ ነበረች፤ በሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (1368–1644) በጥጥ ጨርቅ፣ በኋላም በሩዝ ንግድ ትታወቅ ነበር። ከታይ ሐይቅ በስተምሥራቅ ባለው ረባዳ ምድር ጭነት ለማጓጓዝ ከጋሪ ይልቅ ጀልባ ይመች ስለነበር፣ ዛሬ ፎቶግራፍ የሚነሣበት ቦይ ያኔ ዋናው የንግድ መንገድ ነበር። ይህን ለመረዳት በ1571 የተሠራውን የፋንግሼንግ ድልድይ ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። ከአምስቱ ቅስቶች መካከለኛው ከሌሎቹ ሰፍቶና ከፍ ብሎ የተሠራው ጀልባዎች እንደ ልብ እንዲያልፉ ሲሆን፣ እግረኛው ግን ደረጃ ወጥቶ ደረጃ መውረድ ግድ ይለዋል። በቦዮቹ የድንጋይ ካብ ላይ ያሉት ቀዳዳ ያላቸው ድንጋዮችም የጀልባ ገመድ ይታሰርባቸው የነበሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ በጥንቃቄ የተቀረጹ በመሆናቸው ሳያዩዋቸው ማለፍ ያስቆጫል።

«ሁሉም ነገር ለቱሪስት ሲባል የተሠራ ነው»

የመታሰቢያ ዕቃ ሱቆች የታጨቁበትን የቤይዳ መንገድ ብቻ ያየ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ብዙ ቤቶች መታደሳቸውም አይካድም። ነገር ግን ከመንገዱ ወጣ ባሉት ጠባብ መተላለፊያዎች ነዋሪዎች ዛሬም የዕለት ኑሯቸውን ይገፋሉ፤ ስለዚህ ሕዝቡ ሳይበዛ በማለዳ መድረስ፣ በነዋሪዎቹ ደጃፍ ሲያልፉም ድምፅን ዝቅ ማድረግ ተገቢ ነው።

«በቅጠል የተጠቀለለው ሩዝ የጾም ምግብ ነው»

ዞንግዚ የሚባለው ይህ ምግብ በዚህ አካባቢ ብዙውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለበት። ቀይ ባቄላ የተሞላውም ቢሆን አንዳንዴ የአሳማ ስብ ስለሚገባበት፣ ጿሚም ሆነ አሳማ የማይበላ ኢትዮጵያዊ ከመግዛቱ በፊት መጠየቅ አለበት።

«ሩቅ ስለሆነች ያለ አስጎብኚ አትደረስም»

በ2017 መጨረሻ የተከፈተው 17ኛው የሜትሮ መሥመር በሻንጋይ ምዕራብ ካለው ከሆንግቺያኦ ባቡር ጣቢያ ተነሥቶ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጁጂያጂያኦ ያደርሳል። ወደ ከተማዋ መግባት በነጻ ሲሆን፣ የሚከፈለው ለጀልባና ለአንዳንድ የአትክልት ሥፍራዎችና ቤቶች ነው። በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚጓዝ ሰው የሚያርፈው ግን በምሥራቁ ጫፍ፣ በፑዶንግ ስለሆነ፣ ሻንጋይን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ሆንግቺያኦ መድረስ ስላለበት፣ በደረሰበት ዕለት ከሚሞክረው አንድ ሌሊት ዐርፎ በማግሥቱ ቢነሣ ይሻለዋል።