ክረምትን ሸሽቶ መክረም፦ የካራቫን ወራት በአውስትራሊያ ሐሩራማ ዳርቻ

በሜልቦርን ጁላይ የቀኑ ሙቀት 14 ዲግሪን በቅጡ የማያልፍበት፣ ነፋሱ አጥንት ሰርስሮ የሚገባበት ወር ነው። በዚያው ወር በሰሜን ኩዊንስላንድ፣ ኬርንስ ላይ፣ ሰማዩ ጠርቶ የቀኑ ሙቀት 26 ዲግሪ ይደርሳል። ሁለቱም ቦታዎች ያሉት በክረምት ነው፤ ነገር ግን የደቡቡ ክረምት ብርድ ሲሆን የሰሜኑ ክረምት ዝናብ የሌለበት በጋ ነው። በመካከላቸው 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል የመኪና መንገድ አለ። በየዓመቱ ከሜይ ጀምሮ ቤታቸውን ከመኪናቸው ኋላ አስረው ይህን መንገድ የሚያያዙት ብዙ ናቸው። ሁለት ወር፣ ሦስት ወር፣ አንዳንዶቹም አምስት ወር ሙሉ በሞቃቱ ባሕር ዳር ቆይተው ይመለሳሉ። ሽርሽር ብሎ መጥራት ያሳንሰዋል። አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለው፤ መክረም ይባላል።

ካራቫን የሚለው ቃል በጥንት ትርጉሙ ሲራራ ማለት ነበር፤ በግመልና በበቅሎ ጭኖ የሚጓዝ የነጋዴ ጓድ። አውስትራሊያውያን ግን ቃሉን ለተሳቢ ቤት ነው የሚጠቀሙበት። ሞተር የሌለው፣ አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና ብዙውን ጊዜም መጸዳጃ ያለው፣ በመኪና የሚጎተት ቤት ነው። ጣሪያው ለጉዞ ዝቅ ብሎ ሲቆም ከፍ የሚደረግም አለ፤ ተጣጥፎ ተሳቢ ሳጥን የሚያክል የሸራ ቤትም አለ። ከአገሪቱ ታላላቅ አምራቾች አንዱ የሆነው ጄይኮ እ.ኤ.አ. በ1975 የተመሠረተው በሜልቦርን ነው፤ ሌሎች በርካታ ፋብሪካዎችም በዚያችው ከተማ ዳርቻ ይገኛሉ። ሙቀት ፍለጋ የሚሄደው ቤት የሚሠራው በብርዱ ከተማ መሆኑ ሲታሰብ አያስገርምም፤ ለመሸሽ የሚቸኩለውም በብርድ ያለው ነው።

ከራሚዎቹ በአብዛኛው ጡረተኞች ናቸው። ግሬይ ኖማድ ይሏቸዋል፤ ሽበታም ዘላኖች እንደ ማለት ነው። ስሙ ትንሽ ቀልድ ቢኖርበትም ራሳቸው በደስታ ይጠሩበታል። በአውስትራሊያ የመንግሥት የጡረታ ዕድሜ 67 ዓመት ነው፤ የራሱ ቁጠባ ያለው ግን ቀደም ብሎ መንገድ ይጀምራል። ጡረታ ያልወጣውም ሰው ረጅም ጊዜ የሚያገኝበት ሕግ አለ። ለአንድ አሠሪ ብዙ ዓመት፣ በተለመደው ስሌት 10 ዓመት፣ ያገለገለ ሠራተኛ ከዓመት ፈቃዱ ሌላ ሁለት ወር ገደማ የሚከፈልበት ዕረፍት ይሰጠዋል። የዚህ ፈቃድ አመጣጥ ራሱ የጉዞ ታሪክ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቅኝ ግዛቱ አስተዳደር የሚሠሩ እንግሊዛውያን በመርከብ አገራቸው ደርሰው እንዲመለሱ ታስቦ የተሰጠ ነበር። ዛሬ መርከቡ ቀርቶ ካራቫን ተተክቷል፤ አቅጣጫውም ወደ እንግሊዝ ሳይሆን ወደ ሰሜኑ ፀሐይ ሆኗል።

ዋናው ጎዳና ብሩስ ሀይዌይ ነው፤ ከብሪስበን ተነሥቶ 1,700 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕሩን ተከትሎ ኬርንስ ይደርሳል። ሮክሃምፕተን ከተማ ላይ የደቡቡን የሐሩር መስመር ያቋርጣል፤ መስመሩን የሚያመለክት ሐውልት ስላለ መኪና አቁሞ ፎቶ ያልተነሣ ከራሚ ጥቂት ነው። ከዚያ ወደ ላይ የሸንኮራ አገዳ አገር ይጀምራል። ከጁን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ገደማ አገዳ የሚጨመቅበት ወቅት በመሆኑ፣ በ610 ሚሊ ሜትር ጠባብ ሐዲድ ላይ የሚሄዱ ትንንሽ ባቡሮች አገዳ ጭነው መንገዱን ያቋርጣሉ። ፉርጎዎቹ አያልቁም፤ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል። የማንጎ ከተማ የምትባለው ቦወን፣ ታውንስቪል፣ ከፊቷ የሂንቺንብሩክ ደሴት ተራሮች የተደረደሩላት ካርድዌል እየተከታተሉ ያልፋሉ። ቱሊ ላይ 7.9 ሜትር ቁመት ያለው የጎማ ቦት ጫማ ሐውልት ቆሟል። ቁመቱ እንዲሁ የተመረጠ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1950 በከተማዋ የጣለው ዝናብ ልክ ነው። ከራሚው በጠራራ ፀሐይ ውስጡ ባለው ደረጃ ወጥቶ ዙሪያውን ሲያይ፣ የሚከርምበት አገር በሌላው ግማሽ ዓመት ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ የሚነግረው የለም።

ከኬርንስ ወደ ሰሜን መንገዱ በገደልና በባሕር መካከል እየተጠማዘዘ ፖርት ዳግላስ ይደርሳል። የዴይንትሪን ወንዝ የሚያሻግረው በብረት ገመድ የሚጎተት ጀልባ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው ዳገት ጠባብና ጠመዝማዛ ስለሆነ ትልቅ ተሳቢ ያለው ሰው ቤቱን ከወዲህ አቁሞ በመኪናው ብቻ ቢሻገር ይሻለዋል። አስፋልቱ ኬፕ ትሪቢዩሌሽን ላይ ያበቃል። ስሙን የሰጠው ጄምስ ኩክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በጁን 1770 መርከቡ ኢንዴቨር በአካባቢው ካለው የኮራል ሪፍ ጋር ተጋጭታ ስለነበር የመከራ ምድር አለው። ከዚያ በኋላ ያለው የብሉምፊልድ መንገድ ፒስታ፣ ዳገትና የወንዝ መሻገሪያ ነው፤ ካራቫን የሚገባበት አይደለም።

የካራቫን ሰው ስለ ባሕሩ ከሚያወራው ይልቅ ስለ ክብደት የሚያወራው ይበዛል። ምክንያት አለው። ታላላቆቹ ጎታች መኪናዎች እንኳ ብዙውን ጊዜ ከ3,500 ኪሎ ግራም በላይ እንዲጎትቱ አይፈቀድላቸውም። ለአምስት ወር የሚከርም ሰው ደግሞ ዕቃ ያበዛል፤ ብስክሌት፣ መንጠቆ፣ ወንበር፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ውሻ። ሁለቱን የውሃ ታንከር እስከ አፋቸው ሞልቶ መሄድ ብቻ 160 ወይም 180 ኪሎ ይጨምራል። ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው፤ ከ2,000 ኪሎ ካለፈ ፍሬኑ በሁሉም ጎማዎች ላይ መሆን አለበት፤ ከጎታቹ ቢላቀቅም በራሱ የሚይዝ መሆን ይኖርበታል። ከጠቅላላ ክብደቱ አንድ አሥረኛው ገደማ በጋንቾው ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ይጫናል። ከኋላ ከከበደ ተሳቢው ጅራቱን መቁላት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የመኪናውን ፍሬን ደንግጦ መርገጥ መገልበጥን ይጋብዛል። እግርን ከነዳጅ ፔዳሉ ቀስ ብሎ ማንሣትና የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ መያዝ ነው የሚበጀው። በመንገድ ላይ ካራቫነኞች በሬዲዮ የሚነጋገሩት በመስመር 18 ነው፤ የከባድ መኪና ሾፌሮች ደግሞ በመስመር 40። በ18 ላይ የአየር ሁኔታና የቦታ ጥቆማ ይሰማል፤ በ40 ላይ ስለ ካራቫን የሚባለውን ባይሰሙት ይመረጣል።

ካራቫን ፓርክ፣ ተሳቢ ቤቶች በክፍያ የሚቆሙበት ግቢ፣ ደርሶ ቤት መትከል የራሱ ሥርዓት አለው፤ ጎረቤቶችም ወንበራቸውን አመቻችተው በግልጽ ይመለከቱታል። አንዱ መሪ ይይዛል፣ ሌላው ከኋላ ቆሞ በእጁ ምልክት ይሰጣል። ሾፌሩ ሚስቱን በስፖኪዮው ያጣታል፤ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ትዳር የሚፈተንባት ቅጽበት ይህች ናት ይባላል። ተሳቢው ቦታውን ሲይዝ ውሃ ልክ ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ዝቅ ባለው ጎማ ሥር መወጣጫ ይገባል፤ ጎማዎቹ በታኮ ይያዛሉ፤ ጋንቾው ይፈታል፤ አራቱ ማዕዘን በክሪክ እግር ይደገፋሉ። ከዚያ የውሃ ጎማው ይቀጠላል። የኤሌክትሪክ ገመዱ ከቤት ገመድ ይለያል፤ የ15 አምፔር ስለሆነ አንዱ ጥርሱ ሰፋ ያለ ነው፤ በተራ የቤት ሶኬት አይገባም። በመጨረሻ ሸራው ይዘረጋል፣ ካስማ ይመታል፣ አውታር ይወጠራል። ለሁለት ሌሊት የመጣ ሰው እዚህ ያቆማል። ከራሚው ግን በሸራው ሥር ዳስ ሠርቶ ምንጣፍ ያነጥፋል፤ ማሰሮ አበባ ይደረድራል። ማን ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ከማሰሮው ብዛት መገመት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ያለው ኑሮ ከጉዞ ይልቅ የሠፈር ኑሮ ነው። ጠዋት በባሕር ዳር የእግር ጉዞ፣ ከዚያ ጋራ መታጠቢያ ቤትና የልብስ ማጠቢያ ተራ። 20 ሊትር የማይሞላው የመጸዳጃ ሳጥን በየጥቂት ቀኑ እንደ ሻንጣ በጎማው እየተሳበ ወደ መድፊያው ይወሰዳል። በዚያ መንገድ ላይ ሰላምታ አጭር ነው። አሥር ሰዓት ከሰዓት በኋላ ሲያልፍ ደግሞ ወንበሮች ክብ ይሠራሉ፤ ሁሉም መጠጡንና መክሰሱን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ወሬው ስለ ነዳጅ ዋጋ፣ ስለ ጉልበት ሕመምና አሁንም ስለ ክብደት ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ፓርኩ ጸጥ ይላል።

ዓሣ አጥማጆቹ የሚመኙት ባራሙንዲ ነው። ሕይወቱን በወንድነት ጀምሮ ሲያድግ ወደ ሴትነት የሚለወጥ ዓሣ ነው። በኩዊንስላንድ ምሥራቃዊ ዳርቻ ከ58 ሴንቲ ሜትር ያነሰውንም ከ120 የበለጠውንም መልሶ ወደ ውሃው መልቀቅ ግዴታ ነው፤ ከኖቬምበር መጀመሪያ እስከ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ደግሞ ጨርሶ አይጠመድም። ስለዚህ ከራሚው በተፈቀደለት ወራት ነው የሚመጣው። ክፋቱ ባራሙንዲ ውሃው ቀዝቀዝ ሲል ሰነፍ ይሆናል፤ ሰውየው የሸሸው ክረምት በዓሣው በኩል ዞሮ ይይዘዋል።

የመጡለትን ባሕር በተመለከተ ያለው እውነት ጎብኚን ያስደነግጣል። ከኖቬምበር እስከ ሜይ ውሃው የጄሊፊሽ፣ አጥንት የሌለው ተናዳፊ የባሕር እንስሳ፣ ነው። ሳጥን መሳዩ ጄሊፊሽ በደቂቃዎች ውስጥ ሰው ሊገድል ይችላል። ኢሩካንጂ የሚባለው ደግሞ የጣት ጥፍር የሚያክል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1961 የኬርንሱ ሐኪም ጃክ ባርንስ በዋናተኞች ላይ ይታይ የነበረውን ሕመም የሚያመጣው እሱ መሆኑን ለማረጋገጥ ራሱን፣ የገዛ ልጁንና አንድ የባሕር ዳር ነፍስ አዳኝ አስነድፎ ሦስቱም ሆስፒታል ገብተዋል። በየባሕር ዳሩ በምሰሶ ላይ የአቼቶ ጠርሙስ የሚታየው ለሰላጣ አይደለም፤ የተነደፈ ቦታ ላይ ቢያንስ 30 ሴኮንድ ይፈስበታል፤ ሕመሙን ባያስታግስም ገና ያልተረጨውን መርዝ ያግዳል። በክረምቱ ወራት ይህ ስጋት በእጅጉ ቢቀንስም አዞው ግን ዓመቱን ሙሉ አለ። የጨዋማ ውሃ አዞ በኩዊንስላንድ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ቁጥሩም አንሰራርቷል። የማስጠንቀቂያ ሰሌዳዎች ከእንግሊዝኛው ጎን በጀርመንኛም "አኽቱንግ"፣ ተጠንቀቅ፣ ይላሉ። ምክሩ ግልጽ ነው፦ ከውሃው ጠርዝ 5 ሜትር መራቅ፣ ድንኳን ከውሃው ቢያንስ 50 ሜትር ርቆ መትከል፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት በተመሳሳይ ቦታ ውሃ አለመቅዳት፤ አዞ ልማድ ያጠናልና። በዚህ ሁሉ የተነሣ ብዙዎቹ ከራሚዎች ለወራት ባሕሩን ሲያዩት ይኖራሉ እንጂ አይገቡበትም፤ የሚዋኙት በመረብ በታጠረ ቦታ ወይም በፓርኩ መዋኛ ገንዳ ነው።

የየብሱ ጎረቤቶች ይሻላሉ። ኤቲ ቤይ ላይ ካሶዋሪ፣ የሰው ቁመት የሚስተካከል ሰማያዊ አንገት ያለው ወፍ፣ ከጫካ ወጥቶ በካራቫኖቹ መካከል እየተንጎራደደ ወደ አሸዋው ይወርዳል። እግሩ ጩቤ የመሰለ ጥፍር ስላለው ምግብ መስጠት በሕግ የተከለከለ ነው። በመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ አረንጓዴ እንቁራሪት ተለጥፎ ቢገኝ የሚደነግጠው አዲስ ሰው ብቻ ነው። በትክክል የሚያማርሩት ከማንግሮቭ፣ በጨዋማ ውሃ ዳር ከሚበቅል ዛፍ፣ ረግረግ የሚወጡት በዓይን የማይታዩ ተናካሽ ትንኞችና ብረቱን ሁሉ የሚበላው የባሕር ጨው ናቸው።

ሌሎች መዳረሻዎችም አሉ። በካርፔንታሪያ ባሕረ ሰላጤ ያለችው ካሩምባ ለጀልባና ለመንጠቆ የሚሄዱባት ትንሽ ከተማ ናት። በምዕራብ ብሩም፣ ባሕሩ በአንድ ቀን ውስጥ 10 ሜትር ያህል የሚወጣና የሚወርድባት፣ 22 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ነጭ አሸዋ አላት። ከማርች እስከ ኦክቶበር ባሉት ወራት ውሃው በሸሸ ጊዜ ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ ብርሃኗ በጭቃው ላይ የደረጃ ቅርጽ ይሠራል።

ገንዘብ ላይ የቆየ ጭቅጭቅ አለ። ፓርኮች ለሳምንትና ለወር ቅናሽ ያደርጋሉ፤ ቢሆንም በጁላይ ባሕር ዳር ቦታ ማግኘት ለሚፈልግ ሰው ዓመት ቀድሞ መያዝ የተለመደ ነው። ቆጥቦ መጓዝ የሚሻው በነፃ ማረፊያዎች ያድራል፤ በኩዊንስላንድ መንገዶች ዳር ባሉት በተፈቀዱት ማረፊያዎች መቆየት የሚቻለው እስከ 20 ሰዓት ነው። የፓርክ ባለቤቶች ማዘጋጃ ቤቶች ነፃ ቦታ እየሰጡ ገበያችንን ሻሙብን ይላሉ። ትንንሽ ከተሞች በበኩላቸው ነፃ ያደረ ሰው ነዳጅና ዳቦ ከእኛ ይገዛል ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ጠቡም በቶሎ የሚበርድ አይመስልም።

ኦክቶበር ላይ አየሩ መክበድ ይጀምራል፤ ምንጣፉ ሥር ሻጋታ ይታያል። ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል የሳይክሎን፣ ከባሕር የሚነሣ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ፣ ወቅት ነው። እያንዳንዱም ስም ይሰጠዋል፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2006 ላሪ የተባለው የኢኒስፌልን ከተማ መትቶ የአገሪቱን የሙዝ እርሻ አብዛኛውን ከሥሩ ገንድሶታል፤ በፌብሩዋሪ 2011 ያሲ ሚሽን ቢች አጠገብ ወደ የብስ ገብቷል፤ በዲሴምበር 2023 ጃስፐር ያመጣው ጎርፍ ኬርንስንና ዴይንትሪን አጥለቅልቋል። ላሜራና ቀጭን ጣውላ የሆነ ቤት ለእንዲህ ያለው ነፋስ አልተሠራም። ካስማ ይነቀላል፤ ሸራው ሳይደርቅ እንዳይጠቀለል ጠዋቱን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ የአበባ ማሰሮዎቹ ለሚቀረው ጎረቤት ይተላለፋሉ። ተሳቢው ሲወጣ ዳሱ የነበረበት ሣር በአራት ማዕዘን ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ሴትየዋ ወደ ቢሮው ገብታ ለመጪው ጁን ያንኑ የቦታ ቁጥር ታስይዛለች፤ ሰውየው መኪናው ውስጥ ሬዲዮውን ወደ 18 እየመለሰ ይጠብቃታል።