ፋልክ፦ በሬድዉድ ጫካ መሀል ቆማ የጠፋች የጣውላ ከተማ

ፋልክ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት፣ በሃምቦልት አውራጃ፣ ከዩሪካ ከተማ ብዙም ሳይርቅ በኤልክ ወንዝ ዳር የነበረች የእንጨት መሰንጠቂያ ከተማ ናት። ከ1884 እስከ 1937 ድረስ ፋብሪካዋ ሠርቷል (ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። በደመቀችበት ዘመን 400 ያህል ነዋሪ ነበራት። ዛሬ አንድም መኖሪያ ቤት አልቀረላትም።

የሃምቦልት ባሕረ ሰላጤ አካባቢ የዊዮት ሕዝብ አገር ነው። በ1860 የካቲት ወር ነጭ ሰፋሪዎች በባሕረ ሰላጤው ደሴት ላይ ሴቶችን፣ ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ጨፍጭፈዋል። ጣውላ ነጋዴዎች ወደ ሸለቆዎቹ ዘልቀው የገቡበት ዘመን ከዚህ ግፍ ተነጥሎ ሊነገር አይገባም። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ኖዋ ፋልክ የተባለ ባለሀብት ፋብሪካውን አቆመ፤ ከተማዋም በስሙ ተጠራች።

ወደዚያ የሳበው ሬድዉድ ነው። ይህ ዛፍ ከ100 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይም ሊኖር ይችላል። እንጨቱ ቶሎ አይበሰብስም፣ ምስጥም አይደፍረውም። ለቤት ክዳን፣ ለውኃ ማጠራቀሚያ በርሜል፣ ለባቡር ሐዲድ መደገፊያ ይፈለግ ነበር።

አንዱን ዛፍ መጣል ግን የቀናት ሥራ ነው። ግንዱ ከሥሩ እጅግ ስለሚሰፋ ሠራተኞቹ ከፍ ብሎ ግንዱን ይወቅሩና ሳንቃ ይሰኩበታል፤ በሳንቃው ላይ ቆመው በመጥረቢያና ሁለት ሰው በሚስበው ረጅም መጋዝ ይቆርጡታል። ሬድዉድ ሲወድቅ በቀላሉ ስለሚሰባበር የሚያርፍበት ቦታ አስቀድሞ በቅርንጫፍና በአፈር ይነጠፋል። ከዚያ ቅርፊቱ ይላጣል፣ ጭራሮው በእሳት ይጸዳል። ግንዱን የሚጎትቱት በመጀመሪያ በሬዎች ነበሩ። በመንገዱ ላይ አግድም በተረበረቡ እንጨቶች ላይ ያንሸራትቱታል፣ አንድ ሠራተኛም ከፊት እየሄደ እንጨቶቹን ውኃ ያርከፈክፋል። በ1881 የዩሪካው ጆን ዶልቢር በእንፋሎት ኃይል ገመድ የሚጠቀልል ሞተር ሠራ፤ ቀስ በቀስ በሬዎቹን የተካው እሱ ነው። ይህ ሞተር በሬ የማይደርስበትን ገደልና ሸለቆ ስለከፈተ የጫካው ዕጣ የተወሰነው ያኔ ነው ማለት ይቻላል። የተሰነጠቀው ጣውላ በባቡር ወደ ባሕረ ሰላጤው ይወርድና በመርከብ ይጫናል። ሳን ፍራንሲስኮ በ1906 በመሬት መንቀጥቀጥና በቃጠሎ ከወደመች በኋላ መልሶ ለመገንባት የዚህ አካባቢ ጣውላ በብዛት ተፈልጓል።

ፋልክ የኩባንያ ከተማ ነበረች። የሠራተኞች መመገቢያ፣ ሱቅ፣ ፖስታ ቤትና የጭፈራ አዳራሽ ነበራት። እንዲህ ባለ ቦታ ደመወዝም ጎረቤትም የሚገኘው በአንድ ፋብሪካ ምክንያት ስለሆነ ፋብሪካው ሲቆም ሁሉም ይቆማል።

የሆነውም ይኸው ነው። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የጣውላ ገበያን አደቀቀው። በ1935 በመላው የምዕራብ ጠረፍ የእንጨት ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ መቱ፤ በዩሪካም ሦስት አድመኞች ተገደሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ የፋልክ ፋብሪካ ተዘጋ። ዛፍ ስላለቀ ነው የሚለው መልስ ግን ግማሽ እውነት ብቻ ነው፤ ከሸለቆው በላይ ከጥንት ጀምሮ መጋዝ ያልነካው ሰፊ ጫካ ቆሞ ነበርና። ከተማዋን የገደላት ገበያው ነው።

ሰው ለቆ ከሄደ በኋላ ጠባቂዎች ለብዙ ዓመታት ቆይተዋል። ፍርስራሹን ለማየት የሚመጣው ሰው ሲበዛ ባለቤቱ ድርጅት ጉዳት ቢደርስ ተጠያቂ እንዳይሆን ሰግቶ በ1979 ቤቶቹን አፈረሰ። ለአካባቢው ታሪክ ትልቅ ኪሳራ ነው፤ የሠራተኛ ቤት እንደ ባለሀብት ቤት ጠበቃ አያገኝም።

ያልተነካው ጫካ ግን ጠበቃ አገኘ። በ1985 ማክሳም የተባለው ኩባንያ ያልተነካውን ጫካ የያዘውን የጣውላ ድርጅት ፓሲፊክ ላምበርን ከገዛ በኋላ ቆረጣው ተፋጠነ፣ ተቃውሞውም በረታ፤ በ1996 በአንድ ቀን ሰልፍ ብቻ ከ1000 በላይ ሰዎች ታሰሩ። በ1999 የፌዴራል መንግሥቱና ካሊፎርኒያ በ380 ሚሊዮን ዶላር 3,000 ሄክታር ያህል መሬት ገዝተው የሄድዋተርስ ጥብቅ ደን ብለው ከለሉት። የፋልክ ቦታም በዚሁ ውስጥ ገባ። የባቡር ሞተሮች ማደሪያ የነበረው ህንጻ ታድሶ የትምህርት ማዕከል ሆኗል። ሬድዉድ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ ቦታውን አዲስ ጫካ ሸፍኖታል።

ወንዙ ግን አላገገመም። ለአሥርተ ዓመታት ከተቆረጡ ተዳፋቶች የወረደው ደለል የኤልክን ወንዝ መውረጃ ስለሞላው በታችኛው ሸለቆ የሚኖሩ ሰዎች በክረምት ጎርፍ ይቸገራሉ። ወንዙም በሕግ በደለል የተበከለ ተብሎ ተመዝግቧል።