ፍሊፕድ ትምህርት ያለ ቪዲዮ

ብዙ መምህራን ፍሊፕድ (የተገለበጠ) ትምህርት ያለ ቪዲዮና ያለ ኢንተርኔት የሚሞከር አይመስላቸውም። ቁም ነገሩ ግን ቅደም ተከተሉ ነው፤ ቀላሉ ገለጻ ቤት ይነበባል፣ ከባዱ መልመጃ መምህሩ ባለበት ይሠራል። 

ቢቸና አካባቢ የ4ኛ ክፍል ክፍልፋይ ታስተምራላችሁ እንበል። ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ከ2 ጥያቄ ጋር ስጡ፤ ልጁ ድፎ ዳቦ ለ4 እኩል ሲቆረስ የሚያሳይ ሥዕል ሠርቶ አንዱን ቁራሽ 1/4 ብሎ ይጻፍበት። በ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ፣ በመጀመሪያው 5 ደቂቃ ደብተር እያያችሁ ያልገባቸውን ለዩ። ከዚያ መልመጃውን ራሳቸው መርጠው በቡድን ይሥሩ፤ ተማሪ መር የሚያሰኘው ይህ ምርጫ ነው።

ሥራው የሚበላሸው ሳያነቡ ለመጡት ተብሎ ገለጻው ከሀ ሲጀመር ነው፤ ያነበቡትም በማግስቱ ይተዉታል። ያላነበቡት ገጹን እዚያው አንብበው ይቀላቀሉ። በኅዳር አጨዳ ግን ንባቡን ክፍል ውስጥ አድርጉት፤ ከብት ሲጠብቅ የዋለን ልጅ ማታ በኩራዝ አንብብ ማለት አይገባም።