ኤ118ጂ፦ የአንጎል ኦፒዮይድ የዘረመል ልዩነትና የደስታ ስሜት

ሁለት ሰዎች እኩል ጠጥተው አንዱ ሞቅ ሲለው ሌላው ምንም ላይመስለው ይችላል። ክብደት፣ ጉበትና ልማድ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ከአንጎል በኩል በብዛት ከተጠኑት ምክንያቶች አንዱ ኤ118ጂ የሚባለው የዘረመል ልዩነት ነው።

ልዩነቱ ያለው በ6ኛው ክሮሞሶም ላይ በሚገኘው ኦፒአርኤም1 ዘረመል ውስጥ ነው። ይህ ዘረመል ሙ ኦፒዮይድ ተቀባይ የተባለውን ፕሮቲን ያሠራል። እንደ ሞርፊንና ሄሮይን ያሉ ኦፒዮይዶች የሚሠሩት በዚሁ ተቀባይ በኩል ነው፤ አንጎል ራሱ የሚያመርተው ኢንዶርፊንም እንዲሁ። በዘረመሉ 118ኛ ቦታ ላይ አብዛኛው ሰው ኤ የተባለውን የዘረመል ፊደል ይዟል፣ አንዳንዱ ግን ጂን። ጂ ሲሆን በፕሮቲኑ 40ኛ ቦታ ላይ ያለው አስፓራጂን በአስፓርቲክ አሲድ ይተካል። የአሚኖ አሲድ ለውጡ ይህ ብቻ ነው።

ተቀባዩ ከደስታ ጋር የሚገናኘው በሁለት መንገድ ነው። በመካከለኛው አንጎል ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካል የሚለቁ ነርቮችን እንደ ፍሬን የሚይዙ ሌሎች ነርቮች አሉ። ሙ ተቀባይ በእነዚህ ላይ ይገኛል። ኦፒዮይድ ሲያርፍበት ፍሬኑ ይላላል፣ ዶፓሚን ይለቀቃል። ሁለተኛውን መንገድ ያሳዩት የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ኬንት ቤሪጅና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ጣፋጭ የቀመሰች አይጥ ምላሷን እያወጣች አፏን ትልሳለች። ኒውክሊየስ አኩምበንስ በተባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ አንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ገደማ በምትሆን ቦታ ሙ ተቀባይን የሚያነቃ ንጥረ ነገር ሲጨመር፣ ይህ መላስ ይበዛል። ዶፓሚን ግን አያበዛውም። እሱ የሚያበዛው ፍላጎትን እንጂ ጣዕሙን አይደለም። ይህ ግኝት ሊደነቅ የሚገባው ነው፤ መፈለግና መደሰት አንድ እንዳልሆኑ በአይጥ ፊት ላይ አሳይቶናልና።

ኦፒዮይድ ተቀባይ በአንጎል ውስጥ መኖሩ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ዘረመሉ የታወቀው ደግሞ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ከዶክተር ሜሪ ጂን ክሪክ ስም አይነጠልም። ክሪክ በኒውዮርኩ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ በ1964 ከቪንሰንት ዶልና ከማሪ ናይስዋንደር ጋር ለሄሮይን ሱሰኞች የሚሰጠውን የሜታዶን ሕክምና ጥናት ያስጀመሩ ሐኪም ናቸው። ሱስ በሽታ እንጂ የጠባይ ብልሹነት አይደለም ብለው ዕድሜ ልካቸውን ተከራከሩ። በ2021 እስኪያርፉ ድረስም ከሥራው አልራቁም። የእሳቸው ቤተ ሙከራ በ1998 አንድ ውጤት አወጣ፤ ቤታ ኢንዶርፊን ከጂ ተቀባይ ጋር በሦስት እጥፍ ገደማ አጥብቆ ይጣበቃል የሚል። ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ይህን ማግኘት አልቻሉም። በ2005 የወጣ ጥናት እንዲያውም ጂ ያለበት ዘረመል ተቀባዩን በአነስተኛ መጠን እንደሚያመርት አሳየ። ቢሆንም መንገዱን የከፈተው የ1998ቱ ሥራ መሆኑ አይካድም።

ጂ የያዙ ሰዎች መጠጥ የበለጠ ሞቅ እንደሚያደርጋቸው በ2004 ተዘገበ። ጠንካራው ማስረጃ የመጣው በ2011 ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአልኮል ጥናት ተቋም ተመራማሪዎች ለወንዶች አልኮል በደም ሥር ሰጥተው አንጎላቸውን ፔት ስካን በተባለ የምስል ምርመራ አዩ። ዶፓሚን በግልጽ የጨመረው ጂ ባላቸው ላይ ነበር። የሰውን ዘረመል እንዲይዙ በተደረጉ አይጦች ላይም ጂ ባላቸው የታየው ከፍተኛው የዶፓሚን ጭማሪ ኤ ካላቸው አራት እጥፍ ሆነ።

ነገሩ ግን በመጠጥ አያበቃም። ሪሰስ ዝንጀሮዎች ተመሳሳይ ልዩነት አላቸው፤ የእነሱ በ77ኛው ቦታ ላይ ነው። በ2008 በታተመ ጥናት፣ ጂ ያላቸው ግልገሎች ከእናታቸው በተደጋጋሚ ሲለዩ ጩኸታቸው እንደ ሌሎቹ እየቀነሰ አልሄደም። ሲገናኙም እናታቸውን አጥብቀው ያዙ። እናት ለግልገል ትልቋ ሽልማት ናት፣ እሷን ማጣትም በዚሁ ተቀባይ በኩል ይሰማል። በሰዎች ላይም በ2009 ጂ ያላቸው በሌሎች መገለል የበለጠ እንደሚሰማቸው ታይቷል።

የጂ ስርጭት ከሕዝብ ሕዝብ ይለያል። በአውሮፓውያን ዘንድ ከ10 እስከ 15 በመቶ ገደማ ነው። በምሥራቅ እስያ ከ35 በመቶ በላይ ይደርሳል። በምዕራብ አፍሪካ በጣም ጥቂት ነው። የእኛን ሕዝብ በምዕራብ አፍሪካው ቁጥር መገመት ተገቢ አይመስለኝም፤ የአፍሪካ የዘረመል ልዩነት ሰፊ ነው።

ለሐኪም ትልቁ ጥያቄ ናልትሬክሶን ነው። መድኃኒቱ ሙ ተቀባይን ይዘጋል፣ በአሜሪካ ለአልኮል ሱስ የተፈቀደውም በ1994 ነው። በ2003 እና በ2008 የወጡ ትንተናዎች ጂ ያላቸው ታካሚዎች የበለጠ እንደሚጠቀሙ አሳዩ። ደስታው ትልቅ ነበር፤ ማን እንደሚድን አስቀድሞ ማወቅ የሚቻል መስሎ ነበርና። በ2015 ግን ታካሚዎች ከመጀመሪያው በዘረመላቸው ተለይተው የገቡበት ሙከራ ያንን ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ ዛሬም ናልትሬክሶን በአብዛኛው የሚታዘዘው የዘረመል ምርመራ ሳይደረግ ነው።