የታቀፈ ኃይል ምንድን ነው? በባዶ ሃይላንድ ውስጥ ያለው

ቆራሌው በሰፈራችን ሲያልፍ እናቴ ባዶ ሃይላንድ የሞላ ማዳበሪያ ታወጣለታለች። ማዳበሪያው ቢሞላም ልጅ በአንድ እጁ ያነሳዋል። ውስጡ ያለውን ቤንዚን ግን እናቴም አታውቀውም።

አንድ ዕቃ እጃችን እስኪገባ የፈጀው ኃይል ሲደመር የታቀፈ ኃይል ይባላል። እንጀራን እናስብ። ምጣዱ የበላው መብራት፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ጤፉን ያመጣው መኪና፣ ሁሉም አብረው ሞሰቡ ላይ ይቀርባሉ።

ፕላስቲክ ደግሞ ባሰበት። የሚሠራው ከነዳጅና ከተፈጥሮ ጋዝ ስለሆነ ዕቃው ራሱ ሊነድ ይችል የነበረ ነገር ነው። ሃይላንድ የሚሠራበት ፔት የሚባለው ፕላስቲክ በኪሎ ከ70 እስከ 80 ሜጋጁል ገደማ ያቅፋል። ሜጋጁል የኃይል መለኪያ ነው፤ ቶሎ ለማይገባን ሰዎች በቤንዚን ይመንዘር፦ ከ2 ሊትር በላይ ነው። የግማሽ ሊትሯ ሃይላንድ 20 ግራም ብትመዝን፣ ግማሽ የቡና ስኒ የሚያልፍ ቤንዚን ይዛለች። ግማሽ ያህሉ ወደ ዕቃነት የተለወጠው ነዳጅ ነው፤ የቀረው ለማጣራት፣ ለማሞቅና ለማዋሃድ ያለቀ።

ጥሬ ዕቃው ለእኛ ከውጭ ነው የሚመጣው። ፋብሪካ ውስጥ ፕሪፎርም የምትባል ወፍራም አጭር ቱቦ ወደ 100 ዲግሪ ትሞቅና በታመቀ አየር ትነፋለች። የአየሩ ግፊት እስከ 40 ባር ይደርሳል። የቤት መኪና ጎማ 2 ባር ተኩል ቢሆን ነው። ይህን የሚያምቀው ኮምፕሬሰር መብራት አይጠግብም። የአየር መስመሩ አንድ ቦታ ካፏጨ ገንዘብ እየወጣ ነው። ቀዳዳውን መድፈንና የጠርሙሱን ክብደት መቀነስ ብቻ ብዙ ያተርፋል።

ማቃጠልስ? ፔት ሲነድ በኪሎ የሚመልሰው 23 ሜጋጁል አካባቢ ነው። ሲሶ እንኳ አይሞላም፣ ጭሱ ደግሞ ምራቂ።

ቆራሌው የወሰደው ግን ይፈጫል፣ በሙቅ ውሃ ይታጠባል። ገንዳው ውስጥ የክዳኑ ፍርፋሪ ይንሳፈፋል፣ የጠርሙሱ ይሰምጣል፤ ሁለቱ ለየቅል ፕላስቲክ ናቸው። ከዚያ በደንብ ይደርቃል፤ እርጥበት ይዞ ከቀለጠ ፕላስቲኩ ጥንካሬውን ያጣል። በመጨረሻ 250 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ይህ ሁሉ ኃይል ይበላል። ያም ሆኖ አዲስ ፔት ለመሥራት ከሚፈጀው ግማሹ እንኳ አያስፈልገውም፤ ዋናው ነዳጅ ቀድሞ ተከፍሏላ! ዘይት የነበረበት ሃይላንድ ግን ለማጠብ ብዙ ሙቅ ውሃ ይፈጃል።

የጭነቱም ነገር አለ። ሃይላንድ እስከ አፉ የጫነ አይሱዙ በአብዛኛው የሚያመላልሰው አየር ነው። ይህን ለቆራሌያችን ማንም አላስተማረውም። ክዳኑን ይፈታል፣ በጫማው ጨፍልቆ ይረግጠዋል፣ ክዳኑን መልሶ ያጠብቃል። የእናቴ ሙሉ ማዳበሪያ ግማሽ ሆኖ ይሄዳል።